አለበልና የጀማሪ ሹፌር ደመወዝ

እዚህ እስራኤል አገር፣ በአፉላ ኢሊት፣ የሰፈራችን ጎበዞች ከባድ መኪና መንዳት ሲያምራቸው አለበልን መንገድ ላይ ያስቆሙታል። «ጀማሪ ስንት ያገኛል? ሁለት ሆኖ መንዳቱስ ያዋጣል ወይ?» ይሉታል። አለበል ወሬ አያበዛም፤ ቁጥሩን ይነግራቸውና መንገዱን ይቀጥላል። ቁጥር ብቻውን ግን ምን ያስረዳል? ሦስት ሺህ አራት መቶ ሸቀል ማለት ቀላል ነው። ያ ገንዘብ ቤት ገብቶ ምን እንዳደረገን ያየሁት እኔ ነኝ። ከልቤ ሳይጠፋ ልጻፈው።

አለበል የልጄ የቲክቫ ባል ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንመጣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ እናት አባቱን እዚያው ቀብሮ፣ አንድ ሹራብ ለብሶ የመጣ ልጅ። ልጄን ያገባት እዚሁ ነው። ዝምተኛ ነው ብለው ሰዎች ሲያሙት እኔ ግን ደስ አለኝ፤ የእኔም ባል አንዳርጌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዝምተኛ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዶሮ ማሸጊያ ፋብሪካ፣ ከብርድ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ዶሮ ሲመዝንና በላስቲክ ሲጠቀልል ኖረ። ሲመጣ ጣቶቹ ነጭ ሆነው ነው። ልጆቹን ከማቀፉ በፊት እጁን ለብ ባለ ውኃ ይነክራል። ከዚያ በረንዳ ላይ ይቆምና ቁልቁል የሸለቆውን መንገድ ያያል። ከባዶቹ መኪኖች ከሩቅ እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ይሄዳሉ። «ያ ባለ ተሳቢው ወደ ደቡብ ነው» ይላል ለራሱ። እኔ ሰምቼ እንዳልሰማሁ እሆናለሁ። አማት የአማቿን ምኞት አትመረምርም።

አንድ ቀን ለመንጃ ፈቃዱ ተመዘገበ። በመኪናው ፈተና አልተቸገረም፤ በወረቀቱ ግን ሦስት ጊዜ ወደቀ። ቲክቫ ሳህን እያጠበች ጥያቄውን በዕብራይስጥ ታነብለታለች፣ እሱ ይመልሳል፤ ሲሳሳት የሳሙና አረፋ ትረጨዋለች። በአራተኛው አለፈ። የዚያን ቀን ከታች ቤት የሚኖረው ሽባባው፣ አፉ የማያርፈው ሽባባው፣ ደረጃው ላይ አግኝቶት፣

«በል እንግዲህ፣ ሁለት ሆነው እስከ ደቡብ ጫፍ፣ ኤይላት፣ የሚመላለሱት ሰባት ሺህ ነው የሚያገኙ። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይተኛል። ተኝተህ የሚከፈልህ ሥራ ከንጉሥ በቀር ለማን ተሰጥቶ ያውቃል?» አለው።

ይኸ ሰባት ሺህ የሚሉት ነገር ቤታችን ገብቶ ሰነበተ። ቲክቫ እንኳ በሆዷ ምድጃ ትገዛበት ጀመር።

መጥተን አሥራ አራት ዓመት በሆነን ጊዜ፣ ከፋሲካ ማግሥት፣ አለበል ከከተማው ዳር ካለው የጭነት ድርጅት ሄደ። አለቃው ሞርዴካይ የሚባል ድምፁ ትልቅ ሰው ነው። ቲክቫ ወረቀቱን ልታነብለት አብራው ሄዳ ነበርና የሰማችውን ነገረችኝ።

«ሰባት ሺህ ማን ነው ያላችሁ?» ብሎ ሳቀ። «ስማ ወንድሜ። ለሦስት ወር ጀማሪ ነህ። በሰዓት ነው የምከፍልህ፣ አሥራ ስምንት ሸቀል ገደማ። ለመንገድ ምግብ ጥቂት ትጨመርልሃለች። ከየጉዞው ደግሞ ለሁለቱ ሹፌሮች የሚሰጥ ድርሻ አለ፤ ከዚያ ላይ የሚደርስህ በስምህ በተመዘገበው የመንዳት ሰዓት ልክ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት መቶ ሰዓት በስምህ ከተመዘገበ ቋሚ ትሆናለህ፤ ያኔ ከጓደኛህ እኩል ነህ። ካልተመዘገበ አላውቅህም።»

ግልጽ ነገር ነው። ማንም አላታለለውም። ይኸን የምጽፈው ሰው ሁሉ «አታለሉት» ስለሚል ነው።

ፋብሪካው ደግሞ ደግ ሆነና ያለ ደመወዝ የሦስት ወር ፈቃድ ሰጠው። በሦስት ወሩ ካልተመለሰ የአሥራ አንድ ዓመት ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ሦስት ወር ነበረው፤ ወይ ሹፌር መሆን፣ ወይ ወደ ዶሮው መመለስ።

ከማን ጋር አጣመሩት መሰላችሁ? ከእንዳለው ጋር። እንዳለው የደምቢያ ሰው ነው፣ በሱዳን በኩል ቀድሞን የመጣ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የነዳ፤ ፀጉሩ ገብስማ ሆኗል። አለበል ሲነግረን ፊቱ በራ።

«የአገራችን ሰው ነው፣ እማማ። ጋቢናው ውስጥ ገና ስገባ ምን አለኝ፤ ‹እኔና አንተ ቅንጃ ነን› አለኝ።»

ቅንጃ ለማያውቅ ልጅ ልንገር። በእኛ አገር ባለ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ይቀናጃል፤ ሁለቱን በሬ ጠምደው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። አንዳርጌም ከጎረቤታችን ጋር ዘጠኝ ክረምት ተቀናጅቶ አርሷል። የማን በሬ የበለጠ ሳበ፣ ማን ቀድሞ ጠመደ ብሎ የሚቆጥር ሰው አይወደድም። «እሱ ቆጣሪ ነው» ከተባለ በሚቀጥለው ክረምት የሚቀናጀው አያገኝም።

አለበልም በዚህ ልብ ነው የነዳው። ዱቄትና የእንስሳት መኖ ጭነው ወደ ኤይላት ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ከበረሃው እርሻዎች ቃሪያና ሐብሐብ ያመጣሉ። መሪው አጠገብ ክብ ወረቀት የሚገባበት መሣሪያ አለ። እያንዳንዱ ሹፌር ስሙን የጻፈበት የራሱ ክብ ወረቀት አለው፤ የሚነዳው ሰው ወረቀት ይገባና መርፌው መኪናው መቼ እንደሄደ፣ መቼ እንደቆመ ይጭርበታል። ሹፌር ሲቀያየር ወረቀቱም መቀየር አለበት። ይኸን በመጀመሪያው ቀን አሳይተውታል፤ ገብቶታልም። ነገር ግን ከድርጅቱ ጓሮ ሲወጡ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚነዳው እንዳለው ነው፣ ታላቅ ነዋ። መንገድ ላይ እንዳለው ሲደክመው አለበል፣

«አያ እንዳለው፣ ይተኙ። እኔ አለሁ» ይላል።

ይቀያየራሉ። ወረቀቱ ግን፣ አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር፣ የእንዳለው እንደሆነ ይቀራል። አለበል ታላቁን ሰው ቀስቅሶ «የእርስዎን አውጥቼ የኔን ላግባ» ማለት አፈረ። በቅንጃ መሀል መቁጠር መሰለው። እንዳለውም ከነቃ በኋላ ወረቀቱን አይቶ ዝም አለ፤ እሱም «ለምን አልቀየርክም?» ማለት ወጣቱን መውቀስ መሰለው። ሁለቱም በይሉኝታ ታሰሩ።

የመጀመሪያው የደመወዝ ወረቀት፣ ትሉሽ የሚሉት፣ በግንቦት መጨረሻ ላይ መጣ። ቲክቫ ከገበታው ላይ ዘርግታ አነበበችው።

«በእጅ የሚገባ፣ ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት። የጉዞ ድርሻ፣ መቶ አርባ። አለበል፣ መቶ አርባ ብቻ?»

«ጀማሪ ነኝ እኮ።»

«ፋብሪካው አራት ሺህ አንድ መቶ ይሰጥህ ነበር።»

«ጀማሪ እንዲህ ነው፣ ቲክቫ። ለሦስት ወር ነው።»

ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። የጀማሪ ደመወዝ ትንሽ ነው ሲባል ስለሰማን፣ ትንሽ መሆኑ አላስደነገጠንም፤ ለምን ይህን ያህል አነሰ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ በልቤ «ሌሊቱን ሁሉ የሚነዳ ሰው እንዴት መቶ አርባ?» ብያለሁ። አፌን ግን አልከፈትኩም። ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

ሽባባውማ ቀልድ አገኘ። «ንጉሡ፣ ዛሬስ ተኝተህ ስንት አገኘህ?» ይላል ከደረጃው ሥር።

ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሁለቱን ቢሮ ጠሯቸው። ናዖሚ የምትባል የቢሮው ሠራተኛ ክብ ወረቀቶቹን ሁሉ ከጠረጴዛ ላይ ደርድራለች። ያን ቀን የሆነውን አለበል ነው የነገረን፤ እንደዚያ ብዙ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ሞርዴካይ በመጀመሪያ ወደ እንዳለው ዞረ። «ይኸ ወረቀት ሰባት ሰዓት ሳታርፍ ነዳህ ይላል። ይኸኛው ስድስት ሰዓት ተኩል። ሕጉ አራት ይላል። ልትገድለኝ ነው? ሰው ልትገድል ነው?»

እንዳለው አንገቱን ደፋ። «ነዳሁ» አለ።

«ሁሉንም አንተ?»

«አዎን። ሁሉንም እኔ።»

ሞርዴካይ ወደ አለበል ዞረ። «አንተ ደግሞ በሦስት ወር ሠላሳ አንድ ሰዓት። ሠላሳ አንድ! ምን ስትሠራ ነበር፣ መስኮት ስታይ?»

አለበል ያን ጊዜ ገባው። እንዳለው እውነቱን ቢናገር፣ አለበል ያለ ወረቀት በመንዳቱ በዚያው ይባረራል። ስለዚህ ታላቁ ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዶ የመንጃ ፈቃዱን ሊያስነጥቅ ነው። አለበል ዝም ቢል እንዳለው ይጠፋል፤ ቢናገር እሱ ራሱ ይጠፋል።

«ይዋሻሉ» አለ አለበል።

«ማን?»

«አያ እንዳለው። ሁሉንም አልነዱም። ግማሹን የነዳሁ እኔ ነኝ። በወረቀታቸው ላይ።»

እንዳለው በአማርኛ «ዝም በል አንተ!» ብሎ ተቆጣው።

«ዝም አልልም። ሦስት ወር ዝም ብዬ ነው እዚህ የደረስኩት።»

ሞርዴካይ ብዙ ጮኸ። ናዖሚ ውኃ አመጣችለት። ሲበርድለት፣ «ሁለታችሁንም ማባረር ነበረብኝ። እውነቱን ስለነገርከኝ አላደርገውም። እንዳለው ሁለት ሳምንት ጓሮ ውስጥ ጭነት ይጠብቃል። አንተ ግን ሰዓት የለህም። ያልተመዘገበ ሰዓት አልከፍልም፣ ልክፈል ብልም አልችልም። ከፈለግህ ከዜሮ ጀምር፤ ሦስት ወር፣ የጀማሪ ደመወዝ። ካልፈለግህ በሰላም ሂድ» አለው።

ዓርብ ከሰዓት ነበር ይህን ሲነግረን። እሑድ ጠዋት የፋብሪካው ፈቃድ ያበቃል።

ቲክቫ ዶሮ ስትገነጥል ቢላዋውን አስቀመጠች። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ። በራስህ አሳጠርከው፣ አለበል። እሑድ ፋብሪካ ትገባለህ።»

«አልገባም።»

«የቤቱን ብድር ማን ይክፈል? ልጆቹ መስከረም ትምህርት ቤት ይገባሉ። በሦስት ሺህ አራት መቶ ሌላ ሦስት ወር?»

«ቲክቫ፣ እጄን እይው።» እጁን ዘረጋላት። «ሦስት ወር ሙሉ ውኃ ውስጥ ሳልነክረው ልጆቼን አቅፌያለሁ። አልመለስም።»

እሷም አኩርፋ ዞረች። በሩ የተንኳኳ ያን ጊዜ ነው። እንዳለው ነበር፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ በእጁ ፖስታ ይዞ። ለእኔ አጎንብሶ ሰላምታ ሰጠኝ።

«እትዬ ታንጉ፣ እንዴት ከረሙ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግባ፣ ቁጭ በል።»

አልተቀመጠም። ፖስታውን ከገበታው ላይ አኖረው። «የሦስት ወር የጉዞ ድርሻ ግማሽ ነው። በእኔ ስም ገብቶ ነው እንጂ የልጁ ነው። ቅንጃ ነን። እኔ ሌባ አይደለሁም።»

«ሌባ ያለህ ማን ነው?» አልኩት።

«ማንም አላለኝም። እንቅልፌ ነው ያለኝ።»

ቲክቫ ፖስታውን አየች፣ ባሏን አየች። አለበል ግን እጁን አልዘረጋም። ቀና ብሎ እንዲህ አለ፤ ቃል በቃል ነው የማስታውሰው፤

«አያ እንዳለው፣ በአገራችን ቅንጃ ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የኔ ማሳ ይታረሳል። እኛ ግን ሦስት ወር ሙሉ የእርስዎን ማሳ ብቻ አረስን። የኔ ማሳ ያ ወረቀት ነበር፤ ጦሙን አደረ። ገንዘቡን ለቲክቫ ይስጡ፣ እሷ ታውቃለች። ከእርስዎ የምፈልገው ሌላ ነው። ከእንግዲህ መሪ ስንቀያየር ይነሳሉ። እንቅልፍ ይሁን፣ ድካም ይሁን፣ ይነሳሉ፤ ወረቀትዎን ያወጣሉ፣ እኔ የኔን አገባለሁ። ቆጣሪ ቢሉኝ ይበሉኝ።»

እንዳለው ፖስታውን ወደ ቲክቫ ገፋ አደረገ። ከዚያ፣ «እኔን የምትቀሰቅስ አንተ ነህ?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ሚስቴ እንኳ አትደፍርም።»

«እኔ እደፍራለሁ።»

እንዳለው ሳቀ፤ ሲስቅ ዓይኑን ጠረገ። ያኔ ነው ቁጭ ያለው። ቲክቫ ፖስታውን አንስታ ቆጠረችው፣ ነሐሴን ለብድሩ ታደርሰናለች አለች። ፊቷ ግን አልተፈታም ነበር። «ነሐሴን ብቻ» አለች ደግማ።

እሑድ ጠዋት አለበል ወደ ፋብሪካው ሄደ፤ እኔም ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበረኝና በአንድ አውቶቡስ ወረድን። የብርድ ልብሱን አጣጥፎ በላስቲክ ይዟል። በሩ ላይ ለጠባቂው አስረክቦ ፈረመ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አሥራ አንድ ዓመት በሁለት ደቂቃ ሲያልቅ አየሁ። ወጥቶ «እንሂድ፣ እማማ» አለኝ፤ ወደ ኋላ ያየሁት እኔ ነኝ እንጂ እሱ አላየም።

ከዚያ የመጡት ሦስት ወሮች ከባድ ነበሩ። ነሐሴን እንደተባለው ፖስታው አሳለፈን። መስከረም ላይ ቲክቫ ከምትሠራበት የአረጋውያን ቤት የማታ ተረኛነት ጨመረች፤ ልጆቹን እኔ ያዝኩ። ሥጋ ለሰንበት ብቻ ሆነ። የስልኩን መስመር አንድ ጊዜ ቆረጡብን። ትንሿ ልጅ የትምህርት ቤት ቦርሳ ከእህቷ ወርሳ ዚፑን በእጄ ሰፋሁላት፤ አለቀሰችብኝ። ሽባባው ደረጃው ላይ፣ «ንጉሡ ዙፋኑን ከዜሮ ጀመረ አሉ» አለ። አለበልም ቆም ብሎ፣ «ሽባባው፣ ትናንት ስድስት የመንዳት ሰዓት በስሜ ሞልቼ ነው የመጣሁ። አንተ ትናንት ምን ሞላህ?» አለው። ከዚያ ወዲህ ሽባባው ቀልዱን ወደ ሌላ ሰው አዛወረ።

መንገድ ላይ ደግሞ ቃሉን ጠበቀ። ሙት ባሕርን ሲያልፉ መኪናዋ ትቆማለች። አለበል የእንዳለውን ትከሻ ይነቀንቃል። እንዳለው ይራገማል፤ እናትህ እንዲህ፣ አባትህ እንዲያ ይላል፤ ወረቀቱን ያወጣል። አለበል በዕብራይስጥ ስሙን ቀስ ብሎ ይጽፋል፤ መጻፉ ላይ ፈጣን አይደለም። «ፈርም እንጂ ምን ትስላለህ?» ይለዋል እንዳለው። ጽፎ ሲጨርስ ብቻ መሪውን ይይዛል። የነዳውን ሰዓት በትንሽ ደብተር ላይ ለራሱም ይመዘግብ ነበር፤ ሲመለስ ለቲክቫ ያሳያታል። ሰማንያ። መቶ ሃያ። መቶ ስድሳ አምስት። ቲክቫ መጀመሪያ ላይ አይታ ደብተሩን ትመልስለት ነበር። በኋላ በሩን ሲከፍት ከሰላምታው ቀድማ «ስንት ደረሰ?» ማለት ጀመረች። ያን ጊዜ እኔም ተነፈስኩ።

ከዳስ በዓል በኋላ፣ ሦስት ወሩ ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ሁለት መቶ አራት ሆነ። ሞርዴካይ ወረቀቶቹን አይቶ ማኅተሙን መታለት። የቋሚው የመጀመሪያ ደመወዝ ግን የሚመጣው ወሩ ካለቀ በኋላ ነውና ሌላ ወር ጠበቅን።

የመብራት በዓሉ ሐኑካ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ትሉሹ በፖስታ መጣ። አለበል መንገድ ላይ ነበር። ቲክቫ ፖስታውን ከፍታ ቆማ አነበበች፤ ከዚያ ተቀምጣ ደግማ አነበበች። ስልኩን አንስታ ወደ አለበል ደወለች፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ያነሳው እንዳለው ነው።

«አለበል መሪ ላይ ነው። ምን ሆናችሁ? ደኅና ናችሁ?»

«ደኅና ነን፣ አያ እንዳለው። ትሉሹ መጥቶ ነው።»

«እኮ ንገሪኝ!»

«በእጅ የሚገባ፣ ስድስት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ።»



«ድገሚው እስቲ» አለ እንዳለው።

ደገመችው።

«ከእኔ በአርባ ሸቀል ይበልጣል!» ብሎ ጮኸ። «አንተ! አለበል! አቁም! ዳር ያዝና አቁም፣ መሪውን ወዲህ አምጣ! ወረቀቴ የት አለ?»

ከሞተሩ ድምፅ በላይ አለበል ሲመልስለት ሰማነው፤

«አራት ሰዓቴ አልሞላም። ይተኙ።»